ጅማ ላይ አኳሪየም ልጀምር ነው፤ የውሃ ማጣሪያውን ነገር አስረዱኝ

የሂርማታ ልጅ
ሰላም ወገኖች። መስታወት ቤት አሠርቼ 80 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም ሳሎን አስገብቻለሁ። ዓሣ ገና አልገዛሁም። ልጆቹ ግን «መቼ ነው?» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኛል። ሐሳቤ ጎልድፊሽና ጉፒ መቀላቀል ነው።

ያስቸገረኝ ውሃው ነው። ቧንቧችን በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። ክረምት ሲገባ አንዳንዴ ደፍርሶ ይወርዳል። መብራቱም እንደምታውቁት ነው።

ምክር ጠየቅኩ፣ ምክር በዛብኝ። ጎረቤታችን «ውሃ አጋር ጠብ አድርግበት፣ ንጹሕ ይሆንልሃል» አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ ለመጠጥ የሚሸጠውን ባለ ሁለት ባልዲ ማጣሪያ ግዛ ይላል። ዓሣ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ «ካኒስተር ካልገዛህ ዓሣም አትግዛ» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ፤ ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠውን ክድን ማጣሪያ ማለቱ ነው። እናቴ «ወንዝ ውስጥ ማን አጣርቶለት ነው የሚኖረው?» ትላለች። ማንን ልስማ?

ኮጪ ቡና
ዓሣ ልታኖር ነው ወይስ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ልትከፍት? ሃሃሃ። እኔም አስቤበታለሁ፣ መልሱን ለመከታተል ነው የገባሁት።

ሰባት ገንዳ
እናትህ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁት። ወንዝ ውስጥም የሚያጣራ አለ፤ አይታይም እንጂ። አዌቱ ውስጥ ያለ ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻ በብዙ ውሃ ይቀጥናል፣ ይወሰዳል። የቀረውን ድንጋዩና አሸዋው ላይ የተለጠፉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ያንተ ሳጥን ግን 80 ሲባዛ በ40 ሲባዛ በ40፣ ለ1,000 ሲካፈል 128 ሊትር ነው። አፉ ድረስ አትሞላውም። አሸዋና ድንጋይም ቦታ ይይዛል። 110 ሊትር ውሃ ቢኖርህ ነው። ዓሣው የሚበላውም፣ የሚጸዳዳውም፣ የሚተነፍሰውም እዚያችው ውስጥ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዓሣ አሞኒያን የሚያስወጣው በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ነው። የተረፈ ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም። ኩልል ያለ፣ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀዳ የሚያስጎመጅ ውሃ ዓሣ ሊገድል ይችላል። ትንሽ ደፈረስ ያለ ውሃ ደግሞ ምንም ላያደርገው ይችላል። ሰው ዓይኑን አምኖ ነው ዓሣ የሚጨርሰው።

ይህን አሞኒያ የሚያነሳልህ ባክቴሪያ ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት በጣም ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም። እሱን በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን በመቀየር ታስወጣዋለህ።

ስለዚህ ፊልተር የምትገዛው ጉድፍ እንዲይዝልህ ብቻ አይደለም። ለባክቴሪያዎቹ ቤት እየሠራህላቸው ነው። ቤቱ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውሃ ያለማቋረጥ የሚያልፍበት ይሁን እንጂ ውድ መሆን የለበትም። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያው ለዚህ አይሆንም። እሱ ውሃውን አንዴ አጥርቶ ይሰጥሃል፤ ዓሣው ግን በየደቂቃው እያቆሸሸ ነው።

ከፋርማሲው ጀርባ
ስለ ውሃ አጋር ልጨምር። ይዘቱ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ክሎሪን ማለት ነው። ሥራው ጀርም መግደል ነው። እኛ የምንጠጣው መጠን ለእኛ ደግ ነው። ዓሣ ግን ውሃውን ቀኑን ሙሉ በስንጥቡ ያሳልፈዋል፣ ክሎሪኑም በቀጥታ ያቃጥለዋል። ጋሼ የጠቀሷቸውን ባክቴሪያዎችም አብሮ ይጨርሳቸዋል። ቢሻን ጋሪም ያው ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ አዝቃጭም ክሎሪንም አለበት። ሁለቱም የተሠሩት ለጀሪካን ነው።

የቧንቧ ውሃም ሲመጣ ክሎሪን ይዞ ነው። ሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ አብዛኛው ይወጣለታል። ግን ሮቶው ዛሬ ጠዋት ተሞልቶ ማታ ከቀዳህ አልወጣለትም። ሮቶው ታጥቦ በበረኪና ተለቅልቆ ከሆነም ተጠንቀቅ። አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ቀድተህ 24 ሰዓት አቆየው። በኤር ፓምፕ አየር ብትነፋበት ቶሎ ይወጣል። አንዳንድ አገር የሚጠቀሙበት ክሎራሚን የሚባለው ግን በማቆየት አይወጣም፤ ለእሱ መድኃኒት የግድ ነው።

የቸኮለ ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጠቀማል። የድሮ ፎቶ ቤቶች ሃይፖ የሚሉት ነው። ንጹሕ ቫይታሚን ሲም ክሎሪን ያጠፋል። ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላውን፣ ብርቱካናማውን እንክብል እንዳትጨምሩ። እሱ ውስጥ ማጣፈጫም ቀለምም አለ። እባካችሁ፣ ባለፈው አንድ ሰው ይህንኑ ሊያደርግ መጥቶ ነው የመለስኩት።

ቂጦ ፉርዲሳ
ሰላም። ትንሽ ሒሳብ ላምጣ።

ፊልተሩ በሰዓት ውስጥ ሙሉውን ውሃ ከ4 እስከ 5 ጊዜ ማዞር አለበት። 110 ሊትር ከሆነ ከ440 እስከ 550 ሊትር በሰዓት ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ስፖንጅ ሳይገባ፣ ውሃው ወደ ላይ ሳይገፋ የተለካ ነው። ስፖንጁ ሲሞላ ደግሞ ፍሰቱ የበለጠ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍ ያለውን ግዛ።

ሁለተኛ፣ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻ በ18 ከመቶ ገደማ ያንሳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዩቲዩብ ላይ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለው ሰውዬ ብዙ ጊዜ ከባህር ብዙም ከፍ የማይል ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ነው። እኛ ከዚያ ቀንሰን ነው መያዝ ያለብን። ወይም የውሃውን ገጽ በደንብ የሚያናውጥ ፊልተር እንምረጥ፤ ኦክስጅን የሚገባው በገጹ በኩል ነውና። የሚጠቅመን ነገር ቢኖር የጅማ ውሃ ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል።

እኔ ብሆን ካኒስተር ነበር የምገዛው። ለባክቴሪያ ብዙ ቦታ አለው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው።

ሰባት ገንዳ
የኦክስጅኑን ነገር በደንብ አስቀመጥከው ልጄ። ብዙ ሰው ፓምፑን «ለጌጥ ነው» ብሎ ማታ ማታ ይነቅለዋል። ተክል ያለበት ገንዳ ኦክስጅኑ የሚያንሰው ሌሊት ነው።

በካኒስተሩ ግን አልስማማም። መብራት ሲጠፋ የተከደነው ካኒስተር ውስጥ ያለው ውሃ ይቆማል። ባክቴሪያዎቹ እዚያ ያለውን ኦክስጅን ጨርሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ መሞት ይጀምራሉ። ከዚያ መብራት ይመጣል። ማንም ቤት የለም። ማሽኑ ያንን የገማ ውሃ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። ረጅም ሰዓት ከቆመ ካኒስተሩን ከፍቶ፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ደፍቶ ነው ማስነሳት።

በኤር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ክዳን የለውም። ባክቴሪያው በዙሪያው ካለው ውሃ እየተነፈሰ ይቆያል። ደግሞ ዛሬ በዩኤስቢ የሚሠሩ ትንንሽ ኤር ፓምፖች አሉ፤ ፓወር ባንክ ላይ ሰክተህ ሌሊቱን ታሳድረዋለህ። ፓወር ባንክም ከሌለ በጆግ ከገንዳው እየቀዳህ ከላይ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ። ልጆች ይወዱታል፣ እነሱን መድብ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ምግብ አትስጥ።

ቂጦ ፉርዲሳ
ጋሼ፣ ኢንቨርተር ላለው ቤት ካኒስተር አሁንም የተሻለ ነው እላለሁ። ለሌለው ግን ስፖንጅ ያዋጣል። አንድ ነገር ብቻ፣ ሁለት ስፖንጅ ያድርግ። ግራና ቀኝ። አንዱን ሲያጥብ ሌላው ሳይነካ ይቀራል።

ብርቱካን ዓሣ
ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ማሽኑ ተናገረ፣ ማንም ስለ ዓሣው አልጠየቀህም። ጎልድፊሽና ጉፒ አትቀላቅል። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ይወዳል፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል። ጉፒ ከ22 በላይ ነው የሚፈልገው። ደግሞ ጎልድፊሽ ሲያድግ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል፣ ጉፒህን ጨምሮ።

ጅማ ላይ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ ታውቃለህ፤ ውጭ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ሳሎን ውስጥ ያን ያህል አይደርስም፤ ግን ያለ ሂተር ጉፒ ይታመምብሃል። ሂተር ከገዛህ በአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ አስብ፣ 100 ዋት ይበቃሃል። እኔ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፣ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም።

ጎልድፊሽ ብቻ ካደረግክ ሂተር አያስፈልግህም። ግን ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ያድጋል። አንተ ገንዳ ውስጥ ሁለት፣ አለቀ። ሱቅ ላይ አውራ ጣት የምታክል ሆና ስታያት አትታለል።

ኮጪ ቡና
እኔ እኮ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ቤታ የሚባለውን ዓሣ ሲያኖሩ አይቼ ነበር ቀላል የመሰለኝ።

ብርቱካን ዓሣ
ኖሮ ሳይሆን ቀስ ብሎ እየሞተ ነው ያየኸው ወንድሜ።

የሂርማታ ልጅ
ማሻአላህ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ጉፒ ብቻ፣ ሂተር እና ስፖንጅ። ስፖንጅ ፊልተሩን ራሴ ብሠራውስ? እዚህ የሚሸጠውን አጣሁት። ለትራስና ለፍራሽ የሚሆነውን ስፖንጅ ቆርጬ ልጠቀም? ውስጡ ድንጋይ ልጨምር አስቤ ነበር። ከሰልስ?

ሰባት ገንዳ
በአንድ ጊዜ አራት ጥያቄ! ቀስ ብለን እንሂድ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዝ። ታጥቦ የደረቀ፣ ሳሙና ያልነካው። ጎኑን በጋለ ሚስማር በሳሳው፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ከታች አካባቢ ብዙ ቀዳዳ ይሁን። በአፉ በኩል ጣት የሚያክል የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ታች ድረስ አስገባ፣ ጫፉ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይበል። የኤር ፓምፑን ቀጭን ቱቦ በዚህ ወፍራም ቱቦ ውስጥ አሳልፈህ ታች አድርሰው። ጠርሙሱን ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ሙላ። ውጭውን በስፖንጅ ጠቅልል። ፓምፑ ሲነሳ አረፋው በወፍራሙ ቱቦ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል። በእሱ ምትክ ሌላ ውሃ በስፖንጁ በኩል ይገባል። ያው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስፖንጁ በአፍህ ስትነፋበት አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይሁን። የፍራሽ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ደቃቅ ነው፣ ቶሎ ይደፈናል። አንዳንዱም እሳት እንዳይዘው ተብሎ በኬሚካል የተነከረ ነው። የዕቃ ማጠቢያው ደግሞ ሳሙናም ፀረ ጀርምም ሊኖረው ይችላል። ካገኘህ የአኳሪየሙን ራሱን ስፖንጅ ከአዲስ አበባ አስልክ፤ ክብደት የለውም።

ድንጋዩ። ለመንገድና ለአበባ ማሰሮ የሚጠቀሙበት ሬድ አሽ የሚሉት ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ከተገኘ ከእሱ የሚሻል የለም። ውጭ አገር ሰው በቆንጆ ካርቶን ታሽጎ የሚገዛው ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ እጠበው፣ ቀይ ዱቄት ይወጣዋል። የማታውቀው ድንጋይ ከሆነ አቼቶ ጠብ አድርግበት። ከተንተከተከ ኖራ አለበት፣ የውሃህን ፒኤች (አሲድ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየውን ቁጥር) ከፍ ያደርግብሃል፣ ተወው። ፒኤች ሲጨምር አሞኒያ የበለጠ መርዛማ ይሆናል። 8 ላይ ያለው መርዛማው ክፍል 7 ላይ ካለው አሥር እጥፍ ገደማ ነው።

ከሰል፦ ለምግብ ማብሰያ የምንጠቀምበት ከሰል ለዚህ አይሆንም። ፊልተር ውስጥ የሚገባው የነቃ ካርቦን የሚባለው፣ በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ነው። እሱም ሽታና ቀለም ያነሳል እንጂ አሞኒያ አያነሳም። አንድ ወር ገደማ ሠርቶ ይሞላል። መድኃኒት ከጨመርክ በኋላ ለማስወጣት ይጠቅምሃል። ለአሁኑ አያስፈልግህም።

ኮጪ ቡና
ጋሼ ይቅርታ፣ የተሰበረ ጀበና ስብርባሪስ? ቤታችን ሞልቷል። ያም ቀዳዳ አለው አይደል?

ሰባት ገንዳ
ሃሃ። የጅማ ሰው! ሸክላ ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ ሸክላ። ጀበናው ዓመት ሙሉ ቡና ሲጠጣ ከርሟል፣ ሲሟሽም ቅባት ነክቶታል። እሱን ለዓሣ አትስጥ። ያልተቀባ፣ ያልተጠቀሙበት የአበባ ማሰሮ ሰብረህ ብትከት ይሆናል።

ቦሳ አዲስ
የክረምቱን ውሃ ማንም አልመለሰለትም። እኔ የማደርገው ይህን ነው። አንድ በርሜል ለአኳሪየም ብቻ ለይቻለሁ። ሳሙናም በረኪናም ነክቶት አያውቅም። ውሃ ሲመጣ እሞላዋለሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳልነካው ይተኛል። ደለሉ ታች ይቀራል፣ ክሎሪኑም ይወጣል። ከዚያ በጎማ ከላይኛው ግማሽ ብቻ ስቤ እወስዳለሁ። ታችኛው ለአበባ ነው። ከገንዳው ጋር ሙቀቱ እንዲቀራረብ ማታ ባልዲውን ሳሎን አሳድራለሁ።

አሉም ጨምሬ ላጥራው የሚል ሰው አለ። አሉም ፒኤቹን ይጥላል፣ አትሞክሩት። የሽፈራው ፍሬም ለመጠጥ ውሃ ይታወቃል፤ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ፍርፋሪ ግን ይበሰብሳል፣ ተመልሶ አሞኒያ ነው።

ዝናብ ውሃ ብሎ የጠየቀኝ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና ዝገት ይዞ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይሻላል፤ ግን ማዕድን የለውም፣ ለብቻው አይሆንም። ጉፒ ደግሞ ማዕድን ያለው ውሃ ነው የሚወደው።

የሂርማታ ልጅ
ገለቶማ! በርሜሉን ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ (አታምኑኝም እንጂ)። ሁሉን ሠርቼ ውሃ ሞልቼ በማግስቱ ዓሣ መግዛት እችላለሁ?

ብርቱካን ዓሣ
አትችልም!!

ሰባት ገንዳ
እህታችን ባጭሩ ነገረችህ፣ እኔ ላብራራ። አዲስ ስፖንጅ ባዶ ቤት ነው፣ ባክቴሪያ የለበትም። ባክቴሪያው ተራብቶ እስኪበቃ ሞቅ ባለ ውሃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ሂተሩን ከመጀመሪያው ክፈተው። ዓሣ ሳይኖር በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣልበት። ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ ባክቴሪያው እሱን ይበላል። መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፤ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ከፍ ይላል። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ናይትሬት ሲታይ፣ ያኔ ነው ዓሣ የሚገባው። እሱም በአንድ ጊዜ አይደለም። ጥቂት ጉፒ፣ ሳምንት ቆይቶ ጥቂት።

መለኪያ ወረቀት ያስፈልግሃል። ስትገዛ አሞኒያ የሚለካ መሆኑን እይ። ብዙዎቹ ናይትራይትና ናይትሬት ይለካሉ እንጂ አሞኒያ አይለኩም። ውጭ ዘመድ ካለህ በሚመጣ ሰው አስልክ፣ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ መለኪያ ከወረቀቱ ይሻላል።

አሁን ደግሞ አቋራጭ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነኝ። ና፣ ከገንዳዬ አንድ የቆሸሸ ስፖንጅ እሰጥሃለሁ። ቡናማው ነገር ነው ሀብቱ። በራሱ ውሃ ፌስታል ውስጥ ከተን ቶሎ ትወስደዋለህ፣ እንዳይደርቅ፣ ፀሐይ እንዳይመታው። ከአዲሱ ጎን ስታስቀምጠው የመጠበቂያው ጊዜ ብዙ ያጥራል። ቤት ደርሰህ ግን «ቆሽሿል» ብለህ በቧንቧ እንዳታጥበው። ወላሂ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው አለ።

ኮጪ ቡና
ቆሻሻ በስጦታ! ጋሼ ለእኔም አስቀምጡልኝ።

የጅሬን ጉም
ይቅርታ ልቃወም። እኔ ያለ ምንም ፊልተር ነው የማኖረው፣ ዓመት አልፎኛል። አሸዋ፣ ብዙ ተክል፣ ጥቂት ጉፒ፣ አለቀ። ይህ ሁሉ ቱቦና ፓምፕ ነጋዴው የፈጠረው ነው።

ቂጦ ፉርዲሳ
ይቻላል፣ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ግን አንተም ፊልተር አለህ። ተክሉ አሞኒያውን ራሱ ይመገባል፣ አሸዋውም ባክቴሪያ ይዟል። ጥቂት ዓሣ ማለትህ ነው ቁልፉ። ልጆች ያሉበት ቤት «ጥቂት» ይቆያል ወይ? ጉፒ ደግሞ ይወልዳል፤ በየወሩ ይወልዳል።

የጅሬን ጉም
እሱስ እውነት ነው። ግልገሉን ለሰው እየሰጠሁ ነው የምቆጣጠረው።

ብርቱካን ዓሣ
ሰው ካጣህ እንኳ አዌቱም ሆነ ቦዬ ረግረግ ውስጥ እንዳትለቀው። የአኳሪየም ዓሣም ተክልም ቦታው እዚያ አይደለም። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። ተክል ስትጥሉ አድርቃችሁ ጣሉ።

የሂርማታ ልጅ
ወገኖች፣ ተመልሼ መጣሁ። ከጋሼ ስፖንጅ ወስጄ የራሴን ከጎኑ ተከልኩ። አሞኒያው ታይቶ ወርዷል። አሁን ናይትራይቱ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሌላው ነገር ውሃው አረንጓዴ እየሆነ ነው። መስኮት ጎን ነው ያስቀመጥኩት። ሱቁ ያለው ልጅ ዩቪ መብራት ግዛ አለኝ።

ቦሳ አዲስ
ዩቪው ይሠራል፣ ግን ምክንያቱ ፀሐዩ ነው። መጋረጃ ርካሽ ነው።

ሰባት ገንዳ
አዎ። በመስኮቱ በኩል ያለውን መስታወት በካርቶን ሸፍን። የገንዳውን መብራት በቀን በድምሩ ከ8 ሰዓት በላይ አታብራው። በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚሳበውን ተክል ሥሩን ብቻ ውሃው ውስጥ አንጠልጥል፤ ናይትሬቱን ይጠጣዋል፣ ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው አልጌ ቀለብ ይቀንሳል። አረንጓዴ ውሃ ዓሣ አይገድልም፣ አትደንግጥ። ናይትራይቱ እስኪወርድ ዓሣ አትግዛ፤ ልጆቹን በዚህ በኩል ያዝልኝ።

ስፖንጁን መቼ ላጥብ እንዳትለኝ አስቀድሜ ልንገርህ። አረፋው ሲደክም ነው። ውሃ በምትቀይርበት ቀን፣ ከገንዳው ባወጣኸው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ። በቧንቧ ውሃ፣ በሳሙና፣ በፈላ ውሃ አይደለም። ያንን ባልዲ ውሃ ደግሞ ጓሮ ያለው ሰው የቡና ችግኝ ላይ ያፍስሰው፣ ናይትሬት ማዳበሪያ ነው።

የመስታወት ቤት ልጅ
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሌላ ሰው ሊያሠራ ከሆነ፣ ሲሊኮኑን ጠይቁ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሆነው፣ ሻጋታ አይዘውም የሚባለው፣ መርዝ አለበት። ያልተጨመረበትን ንጹሕ ሲሊኮን ነው ለዓሣ። እና 128 ሊትር ከመስታወቱና ከድንጋዩ ጋር 150 ኪሎ ይጠጋል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡት።

የሂርማታ ልጅ
ሲሊኮኑን ጠይቄ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ጠረጴዛውም የብረት ነው። ትናንት ሌሊት ግን መብራት ጠፍቶ ጠዋት ስነሳ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ገንዳው አልተሰነጠቀም። ከየት መጣ?

ቂጦ ፉርዲሳ
ኤር ፓምፑ የት ነው ያለው?

የሂርማታ ልጅ
ታች፣ ወለሉ ላይ።

ቂጦ ፉርዲሳ
በቃ እሱ ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ፈሷል። ፓምፑን ነቅለህ አድርቀው፣ ሳይደርቅ እንዳትሰካው። ከዚያ ከውሃው ገጽ ከፍ አድርገህ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ውሃ የማያስመልሰውን ትንሽዬ ቫልቭ ቱቦው መሐል አስገባለት፣ ቀስቱ ወደ ገንዳው ይሁን።